አስቸኳይ! የወደቡ ሰማይ አረንጓዴ ሆነብኝ

ጀማሪዋ፦ እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ። ለቅዳሜ የማስረክበው የዘይት ቀለም ሥዕል አለ፤ የፈረንሳዊውን ሠዓሊ የክሎድ ሎሬንን ሥዕል፣ ንግሥተ ሳባ በመርከብ ልትሄድ የምትነሣበትን ወደብ አይቼ ነው የምሠራው። ዛሬ የመርከቦቹን ገመድ በጥቁር መሳብ ስጀምር ቢጫው ሰማይ ከብሩሹ ጋር እየተነሣ ገመዱ ሁሉ የወይራ ቅጠል መሰለ። በጨርቅ ስጠርገው ባሰበት፤ ፀሐይዋ አጠገብ መዳፍ የሚያህል አረንጓዴ ጭቃ ሆኗል።

የፒያሳው፦ በፀጉር ማድረቂያ አድርቂው፣ አለቀ።

ጋሽ ሸራ፦ ተው ልጄ፣ አታሳስታት። የዘይት ቀለም እንደ ውኃ ቀለም ተንኖ አይደርቅም፤ ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ነው የሚጠነክረው። በሙቀት ከቸኮልሽበት ላዩ ቆዳ ያበጅና ውስጡ እርጥብ ይቀራል፣ ኋላ ይሸበሸባል። ክሎድ ያንን ሥዕል የሠራው በ1648 ነው፤ አሁን ለንደን ናሽናል ጋለሪ አለ፣ ስፋቱ 2 ሜትር ገደማ ነው። ፀሐይዋን ፊት ለፊት፣ ከባሕሩ ትንሽ ከፍ አድርጎ አስቀምጧታል። ወደቡ፣ መርከቡ፣ ሰዉ ሁሉ የቆመው በዚያች ብርሃን ነው። እሷ ከቆሸሸች ሌላው ቢያምር ዋጋ የለውም።

የአክሱም ልጅ፦ ቆይ ግን፣ ንግሥተ ሳባ ከመቼ ወዲህ ነው ከሮም አምድ ሥር የተነሣችው? የማክዳን ታሪክ በ44 ክፍል የሚሥሉት የእኛ ሠዓሊዎች እያሉ! አምዱን አጥፊና አዱሊስ አድርጊው።

የፒያሳው፦ ፀጉር ማድረቂያውን ግን ሞክሪው።

ሙያ በልብ፦ ሰማዩ አረንጓዴ ከሆነማ ገልብጠሽ ባሕሩን ላይ አድርጊው! ይልቅ ስሚኝ፣ ጥቁርና ቢጫ ሲገናኙ አረንጓዴ ነው የሚወጣው፤ እጅሽ ምንም አላጠፋም። ገመዱን በበርንት አምበር፣ በጥቁር ቡናማው ቀለም ሳቢው፤ ቢጫው ውስጥ ቢገባ እንኳ ሞቅ ያለ ቡናማ ነው የሚሆነው። ፀሐይዋ አጠገብ ሲደርስ ቆርጠሽ ተዪው፣ ከብርሃኑ ወዲያ ቀጥዪ፤ ዓይን ራሱ ይሞላዋል። ግን ሰማዩን መቼ ቀባሽ? በምንስ አቀጠንሽው?

ጀማሪዋ፦ ትናንት ማታ። እንዲያበራልኝ ብዬ የተልባ ዘይት በዛ አድርጌበታለሁ። ክረምቱ ደግሞ ቤቱን አቀዝቅዞታል።

ሙያ በልብ፦ ይሄን ነበር መጀመሪያ መናገር! ያ ለቅዳሜ አይደርቅም። ያማል፣ ግን ሰማዩን በሙሉ ዛሬውኑ ቀለም በምታዋህጂበት በፓሌት ቢላዋ ፋቂው፤ የትናንት ስለሆነ በቀላሉ ይነሣል። ከዚያ በሊኩዊን፣ የዘይት ቀለምን ቶሎ በሚያደርቀው ማቅጠኛ አቅጥነሽ ስስ አድርገሽ ቅቢ፣ በአንድ ቀን አካባቢ እጅ መያዝ ይተዋል። ገመዱን ሐሙስ፣ ፀጉሩ ረጅም በሆነ ቀጭን ብሩሽ። እንግሊዞች ሪገር የሚሉት ብሩሽ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከመርከብ ገመድ ነው። ቫርኒሹ ግን ወራት ይጠብቅ፣ ለደንበኛሽ ከአሁኑ ንገሪው።

ጋሽ ሸራ፦ የጠረግሽበትን ጨርቅ ጠቅልለሽ ጥግ እንዳትጥዪው! የተልባ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ራሱ ሞቆ ይነዳል። ውኃ ውስጥ ንከሪው ወይ ውጭ ዘርጊው።

ጀማሪዋ፦ ኧረ ጋሼ፣ ባልዲ ውስጥ ከምሬው ነበር! አሁን ላውጣው። ከዚያ እፍቃለሁ።

የአክሱም ልጅ፦ ሥዕሉን ከፍቼ አየሁት። ንግሥቲቱ የቷ ናት? ሰዉ መሀል አጣኋት።

ጋሽ ሸራ፦ በቀኝ በኩል ደረጃው ላይ ናት፣ ሰማያዊ ካባ ደርባ ዘውድ የደፋችው። ታች ጀልባ ይጠብቃታል።