አስቸኳይ፦ በፓተንት ሕግ «ኮምፒውተር» ማለት ምንድን ነው? ማክሰኞ መልስ ማስገባት አለብኝ

ኪቶ47፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ ከጅማ ነው። ባመለከትነው የቡና ማድረቂያ መቆጣጠሪያ ላይ ከፓተንት መርማሪው ደብዳቤ መጥቷል፤ ክሌም የሚለው መብት የጠየቅንበትን ነጥብ ነው። «ክሌም 1 የኮምፒውተር ፕሮግራም ስለሆነ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 አንቀጽ 4 መሠረት ፓተንት አይሰጠውም» ይላል። የኛ እኮ ኮምፒውተር አይደለም! ኢኤስፒ32 የምትባል ማይክሮኮንትሮለር (ዕቃ የምትቆጣጠር ትንሽ ቺፕ) ናት፤ ስክሪን የላት፣ ኪቦርድ የላት። የኮምፒውተር ትርጉም የትኛው አንቀጽ ላይ ነው? ቃሉን አውጥቼ «ማይክሮኮንትሮለር» ብለውስ ያልፋል? ቀነ ገደቡ ማክሰኞ ነው፣ እባካችሁ ቶሎ።

የሂርማታው፦ ስክሪን የሌለው ኮምፒውተር ካልሆነ የኔም ላፕቶፕ ከትናንት ጀምሮ ኮምፒውተር አይደለም 😂

ዳኛ_አዌቱ፦ ወንድሜ፣ የሌለ አንቀጽ አትፈልግ። አዋጅ 123 ኮምፒውተርን የትም ቦታ አይተረጉምም። አንቀጽ 4 የሚያገለው «የኮምፒውተር ፕሮግራም»ን ነው፤ ያውም ከጨዋታ ሕግና ከንግድ ሥራ ዘዴ ጋር በአንድ ረድፍ አሰልፎ። ትርጉም ያለው ሌላ ሕግ ውስጥ ነው፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሎጂክ፣ የሒሳብ ወይም መረጃ የማስተላለፍ ተግባር ማከናወን የሚችል ማንኛውንም መሣሪያ ኮምፒውተር ይለዋል። በዚያ ሚዛን ሁለት ኮር (የማስያ ክፍል) ያላት፣ 240 ሜጋኸርዝ የምትሮጥ ኢኤስፒ32 ኮምፒውተር ናት፣ ያውም አንደኛ ደረጃ። ስለዚህ ያንን አዋጅ ከጠቀስክ ገመዱን ራስህ አንገትህ ላይ አጠለቅክ ማለት ነው።

የአሜሪካም ሕግ ቢሆን አይተረጉመውም። «ሂደት፣ ማሽን፣ የተመረተ ዕቃ፣ የቁስ ውህድ» ብሎ አራት መደብ አስቀምጦ ትርጉሙን ለፍርድ ቤት ተወው። በ1994 (የአሜሪካው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ፣ የአዋጆቹ በኛ ነው) አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት ፕሮግራም የተጫነበት ተራ ኮምፒውተር «አዲስ ማሽን ይሆናል» አለ። በ2014 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአሊስ (የአንድ ኩባንያ ስም ነው) ጉዳይ «በኮምፒውተር ይፈጸም» የሚል ቃል መጨመር ብቻውን ረቂቅ ሐሳብን ፓተንት አያሰጠውም ብሎ በሩን አጠበበው። የአውሮፓው የፓተንት ስምምነት አንቀጽ 52 ደግሞ...

ሊሙ_ገነት፦ ዳኛ፣ ሰውየው ማክሰኞ ነው ያለው፣ ሴሚስተር አላለም።

ተክኒሻን፦ «ማይክሮኮንትሮለር» በለው፣ አለቀ።

ማና_ኤሌክትሮ፦ አላለቀም። መርማሪው ቃል አይደለም የሚያነበው፤ መብት የተጠየቀበት ነገር ምን እንደሆነ ነው የሚያየው። ክሌም 1ን እንዳለ ለጥፈው።

ኪቶ47፦ «ከሴንሰር የመጣን ንባብ ተቀብሎ የቡናን የእርጥበት መጠን በቀመር የሚያሰላና ውጤቱን የሚያሳይ በኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ፕሮግራም።»

የሂርማታው፦ ቡናውን በጥርሱ ነክሶ «ገና ነው፣ ይደር» የሚል ሽማግሌም ይኸንኑ ነው የሚሠራው። ባትሪም አይፈልግ።

ማና_ኤሌክትሮ፦ ሂርማታው ቀልዶ እውነቱን ተናገረ። ሽማግሌው በጥርሱ የሚያውቀውን ማስላት ብቻ ከሆነ የጠየቅኸው፣ መርማሪው ትክክል ነው። ራስህ «ፕሮግራም» ብለህ ጽፈሃላ! የአንተ ፈጠራ ያለው ከስሌቱ በኋላ በሚሆነው ላይ ነው፦ ማሞቂያው ይጠፋል፣ ማራገቢያው ይቀጥላል፣ ቡናው ከልክ በላይ ደርቆ አይሰባበርም። እንዲህ ሞክረው (ካፓሲታንስ የኤሌክትሪክ ቻርጅ የመያዝ አቅም፣ ፕሮብ የሚሰካ መለኪያ፣ ሪሌይ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ ነው)፦

«የቡና ማድረቂያ መሣሪያ፤ ቡናው ውስጥ የሚገባ ካፓሲታንስ የሚለካ ፕሮብ፣ የቡናውን ሙቀት የሚለካ ሴንሰር፣ ማሞቂያ፣ ማራገቢያ፣ እንዲሁም የፕሮቡን ንባብ በሙቀቱ መጠን እያረመ እርጥበቱን በየደቂቃው የሚያሰላና እርጥበቱ 12 በመቶ ሲደርስ ማሞቂያውን በሪሌይ አጥፍቶ ማራገቢያውን የሚያቆይ መቆጣጠሪያ ያለው።»

የሙቀት ሴንሰሩን አትተወው። የፕሮቡ ንባብ ከእርጥበት ሌላ በሙቀትም ይቀያየራል፤ ትኩስ ቡና ላይ ካልታረመ ማሞቂያውን ያለጊዜው ያጠፋዋል ወይም ያዘገየዋል። ይህ እርማት ነው «ቴክኒካዊ ችግር ፈታሁ» የሚያሰኝህ።

በመልስ ደብዳቤህ ላይ የ1981ዱን የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የዲየር ጉዳይ በሁለት መስመር ጥቀስ። የጎማ መቅረጫ ውስጥ ያለውን ሙቀት እየለካ፣ ሙቀት ኬሚካዊ ለውጥን ምን ያህል እንደሚያፈጥን በሚያሰላው በአሬኒየስ ቀመር የማብሰያውን ጊዜ ደጋግሞ እያሰላ፣ ሲደርስ መጭመቂያውን የሚከፍት ሥራ ነበር። ፍርድ ቤቱ ቀመሩ ሳይሆን የጎማው አሠራር ነው የተጠየቀው ብሎ ፈቀደ። የአንተ ጎማ ቡና ነው። የእኛን መርማሪ አያስገድደውም፣ መንገዱን ግን ያሳየዋል።

ተክኒሻን፦ እኔም ያልኩት ይኸንኑ ነው። ማይክሮኮንትሮለር።

ሊሙ_ገነት፦ እኔ ደግሞ ፓተንቱን ራሱን እጠይቃለሁ። እርጥበት ለክቶ የሚያጠፋ ማድረቂያ በዓለም ላይ ሞልቷል፤ አንቀጽ 4ን ብታልፍ ፈጠራዊ ብቃት (ለሙያው ሰው በቀላሉ የማይታሰብ መሆን) ላይ ትወድቃለህ። ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጠው የግልጋሎት ሞዴል ይህን ብቃት አይጠይቅም፤ አዲስነቱም የሚታየው በኢትዮጵያ ውስጥ ነው። 5 ዓመት ይሰጣል፣ ለሌላ 5 ይታደሳል። ፓተንቱ 15 ዓመት ሆኖ እዚህ አገር እየተሠራበት ከሆነ 5 ይጨመርለታል። ኮዱማ በቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ ያለ ምዝገባ የተጠበቀ ነው። ግን ያ የሚጠብቀው የጻፍከውን ኮድ እንጂ ሐሳቡን አይደለም፤ ሌላ ሰው ከዜሮ ቢጽፈው መክሰስ አትችልም።

ዳኛ_አዌቱ፦ ይኸ እውነት ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ ክሌም ስታሻሽል መጀመሪያ ባስገባኸው ማመልከቻ ውስጥ የሌለ ነገር መጨመር አይቻልም። ሪሌዩም፣ የሙቀት ሴንሰሩም፣ 12 በመቶውም ዝርዝር መግለጫው ላይ አሉ?

ኪቶ47፦ ሪሌዩና 12 በመቶው አሉ። የሙቀት ሴንሰሩ ግን ሥዕል 2 ላይ ብቻ ነው ያለው፣ ጽሑፉ ውስጥ አልገባም 😬 እሱ ይበቃል?

ማና_ኤሌክትሮ፦ ሥዕሉም የማመልከቻው አካል ነው። ቁጥርና ስም ተጽፎበት ከሆነ ጥሩ፤ ባዶ ሳጥን ከሆነ አስቸጋሪ ነው። «በሙቀቱ እያረመ» የሚለው ግን ሴንሰሩ ተስሎ ስለታየ ብቻ አይመጣም፣ ለመታረሙ የሆነ ቦታ ፍንጭ ያስፈልጋል። ከሌለ ያንን ሐረግ አውጥተህ በማሞቂያውና በማራገቢያው ቁጥጥር ላይ ብቻ ቁም። ሥዕሉን አንሥተህ ለጥፈው።

የሂርማታው፦ ረቡዕ ሆነ። ኪቶ፣ ምን አሉ?

ተክኒሻን፦ ማይክሮኮንትሮለር ብሎት አልፎ ይሆናል።