ስምንት ትንንሽ ዶሮዎች በከሰል፣ ለዓርብ ማታ እራት

የማርቆስ ልጅ (ደብረ ማርቆስ)

ሰላም ለሁላችሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ማታ ስምንት ሰው ቤቴ ይመጣል። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ዓርብም ቢሆን ይፈሰካል። ታላቅ ወንድሜ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ከውጭ አገር እየተመለሰ ነው፤ በዚያው ቀን ከአዲስ አበባ በመኪና ይገባል። እናታችን ዶሮ ወጥ ካልሠራሁ ብላለች። እሷ ቀኑን ሙሉ ከድስቱ ሥር ሽንኩርት ስታቁላላ እንድትውል ግን አልፈልግም፤ ልጇ አጠገብ እንድትቀመጥ ነው የምፈልገው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ትንሽ ዶሮ ሙሉውን በከሰል ጠብሼ ላቀርብ አስቤአለሁ።

ባለፈው እሑድ በሁለት የሐበሻ ቄቦች ሞከርኩ። ሆድ ዕቃቸው ወጥቶ ሲመዘኑ እያንዳንዳቸው 600 ግራም ገደማ ነበሩ። በርበሬና ቅቤ ቀባሁና እንዳሉ የጋመው ከሰል ላይ አስቀመጥኳቸው። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ቆዳው ከሰል መሰለ። ደረቱ ደርቆ እንደ ገመድ ሆነ፤ ጭኑን ሳላቅቀው ግን መጋጠሚያው ላይ ደም አለ። ጣዕሙም መራራ ነበር። ልጄ አንድ ጊዜ ቀምሳ ሳሕኑን ገፋችው፤ እኔም ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ።

ምን አጠፋሁ? ደግሞስ ስምንቱን በአንድ ጊዜ እንዴት አደርሳለሁ? ጓሮ ውስጥ ጡብ በሁለት ረድፍ ደርድሬ ከዶሮ ቤታችን አጥር የተረፈ ሽቦ ልዘረጋበት ነው። ከእንግዶቹ ሁለቱ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ እነሱም ቅር ሳይላቸው እንዲበሉ እፈልጋለሁ። ወንድሜ በስንት ሰዓት እንደሚደርስም አይታወቅም።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

እህቴ፣ እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ። በቅድሚያ የምለምንሽ ነገር አለ፤ ያንን የአጥር ሽቦ እሳት ላይ አታድርጊው። እንዳይዝግ በዚንክ የተለበጠ ነው። ዚንክ በ420 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል፤ ጥሩ ሆኖ የጋመ ከሰል ደግሞ ከዚያ በላይ ይሞቃል። ጭሱ ሰው ያሳምማል። ብየዳ ቤት ሄደሽ ካልተለበጠ ቀጭን ብረት ፍርግርግ አሠሪ፤ ርዝመቱ ሜትር ከግማሽ፣ ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ለስምንት ትንንሽ ዶሮ ይህ ሁሉ ቦታ ምን ያደርጋል ትዪ ይሆናል። ከሰሉ የሚቀመጠው ከግማሹ ሥር ብቻ ነው። ዶሮውን የሚያበስልልሽ ከሰል የሌለበት ግማሽ ነው።

እኔ ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ወጥ ቤት ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፍኩትም ከሰሉ ፊት ቆሜ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንቺ የገጠመሽ ነገር ገጥሞኛል፤ ጭኑ ደም ያለበት ዶሮ ለእንግዳ ልኬ ሳሕኑ ተመልሶልኛል። ሙሉ ዶሮ ደረቱ ወደ ላይ ያበጠ፣ ጭኑ ደግሞ ከጎኑ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ እሳቱ እኩል አያገኘውም። ስለዚህ ዘርጊው። የጀርባ አጥንቱን ግራና ቀኙን በጠንካራ መቀስ ቆርጠሽ አውጪ፤ ገልብጠሽ ደረቱን በመዳፍሽ ጫን አድርጊው። መሐሉ ላይ ያለው አጥንት ሲሰነጠቅ ይሰማሻል፤ ያን ጊዜ እንደ ተከፈተ መጽሐፍ ይዘረጋል። ሳሕን ላይ ሲቀርብ አሁንም ሙሉ ዶሮ ነው፤ ያወጣሽው አጥንት ለመረቅ ይሆናል።

ከዋዜማው ምሽት ጨው አድርጊበት። ለ600 ግራም ዶሮ 9 ግራም፣ ማለትም አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው ይበቃል። ሳትሸፍኚው ቆዳውን ወደ ላይ አድርገሽ ማቀዝቀዣው ታችኛው መደርደሪያ ላይ አሳድሪው። ጨው ወደ ውስጥ ይዘልቃል፣ ቆዳውም ይደርቃል፤ እርጥብ ቆዳ መቼም አይንኮሻኮሽም።

መራራ የሆነብሽ በበርበሬው ነው። በርበሬ ከሰል ላይ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይታገሥም፤ ማርም እንደዚያው ነው። ቅቤው ደግሞ ፍሙ ላይ ሲንጠባጠብ ነበልባል ያስነሣል። መጀመሪያ የዝንጅብልና የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ ከዘይትና ከኮሰረት ጋር ብቻ ቀቢው፤ ዝቃጩን አጥልዪው፣ እሱም ያርራል። በአዋዜ የተለወሰው ቅቤ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ዶሮዎቹን ከሰል በሌለበት በኩል ቆዳቸውን ወደ ላይ፣ ጭናቸውን ወደ እሳቱ አድርገሽ ደርድሪ። ሰፋፊ ድስት ድፊባቸው፤ ክዳን ከሌለ ሙቀቱ ሁሉ ወደ ሰማይ ነው የሚሄደው። ሠላሳ፣ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ሳትነካኪ ተያቸው። ከዚያ ቆዳቸውን ወደ ታች አድርገሽ በቀጥታ ፍሙ ላይ ለአራትና አምስት ደቂቃ፤ አዋዜውን የምትቀቢው አሁን ነው። በእነዚያ ደቂቃዎች ስልክ ቢጮህ እንኳ ከቦታሽ አትነቃነቂ። የሥጋ ቴርሞሜትር ብታገኚ ከጭኑ መጋጠሚያ አጠገብ አጥንት ሳይነካ 74 ዲግሪ ማንበብ አለበት። ካወጣሽ በኋላ አሥር ደቂቃ ይረፍ።

ስትገዢም የደረቷን አጥንት የታችኛውን ጫፍ በአውራ ጣትሽ ጫን አድርጊው። እንደ ጆሮ ጫፍ ከታጠፈ ለጋ ናት። ድርቅ ካለ ለወጥ ተያት፤ ሜዳ ለሜዳ ስትሮጥ የኖረች ዶሮ እግሯ በሠላሳ ደቂቃ ከሰል አይለሰልስም።

የብቸና እናት

ልጄ፣ ወጣቱ በደንብ ነግሮሻል። እኔ ስለ ላባው ልንገርሽ። ለወጥ ሲሆን ቆዳውን ስለምንገፈው አንጨነቅም፤ አንቺ ግን ቆዳውን ትፈልጊዋለሽ። ተንተክትኮ የፈላ ውሃ ከደፋሽባት ቆዳው ይበስልና ከላባው ጋር ተቦጭቆ ይመጣል። ሦስት እጅ የፈላ ውሃ ላይ ሁለት እጅ ቀዝቃዛ ቀላቅዪ፤ አንድ ደቂቃ ያህል ነክረሽ የክንፏን ትልቅ ላባ ሳቢው። ሳይታገል ከወጣ ደርሷል። ከዚያ የቀረውን ጸጉር በነበልባል ለብ ለብ አድርጊው። በሎሚና በጨው አጥበሽ በንጹሕ ጨርቅ አድርቂያት፤ የታጠበችበትንም ዕቃና ቦታ ወዲያው በሳሙና እጠቢ።

ስለ እናትሽ ግን ልቆጣሽ ነው። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀች እናት እጇን አጣጥፋ እንግዳ ሆና አትቀመጥም። ሐሙስ ዕለት አንቺ ሽንኩርቱን አቁላልተሽ ስጫት፤ እሷ በርበሬዋን ትጨምር፣ ቅመሟን ትነስንስ፣ ለልጇ አንዲት ትንሽ ድስት ትሥራለት። የከሰሉ ዶሮ የአንቺ ነው፣ ድስቷ የእሷ ናት። ከእንግዶችሽ መካከል ሽማግሌ ካለም ጭኑን አላቅቀሽ እንጀራው ላይ አድርጊለት፤ ትልቅ ሰው በሰው ፊት ከአጥንት ጋር ሲታገል ደስ አይልም።

ከእንጅባራ

ከሰሉን በተመለከተ፦ ማርቆስ ገበያ ላይ ከእኛ ከአዊ የሚመጣ የዲከረንስ ከሰል ካገኘሽ እሱን ግዢ። በፋግታ ለኮማ ገበሬው ራሱ ተክሎ፣ አራት አምስት ዓመት አሳድጎ የሚያከስለው ዛፍ ነው፤ የተፈጥሮ ደን አልተቆረጠበትም። እንክትካቹን ሳይሆን ድፍን ድፍኑን ምረጪ፤ ለዚህ ድግስ ስድስት ኪሎ ይበቃሻል። ዶሮው ከመቀመጡ ከአርባ ደቂቃ በፊት ለኩሺው፤ ፍሙ ነጭ አመድ እስኪለብስ ጠብቂ።

ግንቦት ስለሆነ ማታ ዝናብ ሊመጣ ይችላል። ከፍ ያለ፣ ዙሪያው ክፍት የሆነ የቆርቆሮ ጣራ አዘጋጂ። ዝናብ መጣ ብለሽ ከሰሉን ወደ ቤት እንዳታስገቢው፤ ሽታ የሌለው ጭሱ ሰው ይገድላል።

የደጀን ሾፌር

ሰላም እህት። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ለጎረቤቶችሽ ማሰብሽ ደስ አሰኝቶኛል። ሁለቱን ዶሮ እነሱ ራሳቸው አርደው ያምጡልሽ፤ ቀደም ብለሽ በግልጽ ጠይቂያቸው፣ ማንም አይቀየምም። ፍርግርጉን አንድ ከማሠራት ከፍለሽ ሁለት አሠሪ፤ ትንሹ የእነሱ ዶሮ ብቻ ይሁን። ድስቱ፣ መቀሱ፣ ቢላዋውና የቅቤ መቀቢያውም ለብቻ ይሁን። ቅቤው ራሱ በሌላ ጎድጓዳ ሳሕን ይቀመጥ።

ስለ ሰዓቱ ደግሞ፣ ይህን መንገድ በየሳምንቱ ነው የምመላለስበት። ከአዲስ አበባ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የዓባይ በረሃ ላይ አንድ ከባድ መኪና ከቆመ ሁለት ሰዓት ይበላል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የተነሣበትን ሰዓት አትቁጠሪ። በረሃውን ወጥቶ ደጀን ሲደርስ ይደውልልሽ። ከዚያ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ነው የሚቀረው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ያዢለት። ከሰልሽን ያን ጊዜ ለኩሺ።

ጣና ዳር

ወንድሜ ደጀን፣ ትክክል ብለሃል። አርባ ደቂቃ ለከሰሉ፣ አርባ ለዶሮው፣ አሥር ለዕረፍት፤ አንድ ሰዓት ተኩል። እህቴ፣ ይዘገያል ብለሽ ግማሽ አብስለሽ እንዳታቆዪው፤ ለብ ብሎ የቆየ ጥሬ ሥጋ ያሳምማል። ጥሬው ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆይ።

የማርቆስ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ዛሬ በአዲሱ ፍርግርግ አንድ ዶሮ ሞከርኩ። ዘርግቼ፣ ጨው አሳድሬ፣ ድስት ደፍቼ። ሠላሳ ሦስት ደቂቃ በጎን፣ አራት ደቂቃ ፍሙ ላይ። ቆዳው ቢላዋ ሲነካው ተሰነጠቀ፤ ጭኑን ሳላቅቀው የወጣው ፈሳሽ ጥርት ያለ ነበር። ልጄ ሁለቱንም ክንፍ በላች።

እማማ፣ የተናገሩትን ለእናቴ አነበብኩላት። ዝም ብላ ቆየችና ተነሥታ የበርበሬ ዕቃዋን ከመደርደሪያው አወረደች። ሐሙስ ሽንኩርቱን የማቁላላው እኔ ነኝ። ጎረቤቶቻችንም ሁለቱን ዶሮ ዓርብ ጠዋት አርደው እንደሚያመጡ ነግረውኛል። ለወንድሜ ደግሞ ደጀን እንደ ደረስክ፣ ቡና እንኳ ሳትጠጣ፣ መጀመሪያ ለእኔ ደውል ብዬዋለሁ።