ፍሪዘሩ ሌሊቱን ቆሞ አደረ! የዝንጀሮ ናሙናዎቼን ማዳን ይቻላል?

ማለዳ (ጠያቂ)፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የናሙና ፍሪዘራችን ሌሊቱን ቆሞ አደረ። ጠዋት ስገባ ከሥሩ ውሃ ፈሷል። ውስጡ የስምንት ወር ልፋቴ አለ፤ 140 የዝንጀሮ ዓይነ ምድር ናሙና። የጭንቀት ሆርሞን ልለካባቸው ነበር። ግማሹ እርሻና መንገድ ዳር ከሚውለው መንጋ ነው፤ ግማሹ ጫካ ውስጥ ካለው። አለቀልኝ ወይስ የሚተርፍ አለ?

ድብ እግር፦
አይዞሽ እህቴ። መጀመሪያ በሩን ዝጊ፤ በየደቂቃው እየከፈትሽ አትይው። ሌላ የሚሠራ ፍሪዘር ፈልጊና በአንዴ አዛውሪው።

አንጋፋው፦
ልጄ፣ ነገሩን ከሥሩ ብንይዘው ይሻላል። እንስሳ ሲደነግጥ ወይም ሲቸገር ኩላሊቱ ላይ ያለው አድሬናል እጢ ኮርቲሶል የተባለውን የጭንቀት ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል። በወፎች ኮርቲኮስቴሮን ነው። ከዱር እንስሳ ደም መውሰድ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው፤ ከተያዘ 3 ደቂቃ ገደማ ካለፈው መያዙ ራሱ ሆርሞኑን ያንረዋል። ዓይነ ምድር ግን እንስሳውን ሳትነኪ ይገኛል። ጉበት የሰባበረው ሆርሞን በአንጀት ይወጣል፤ ስለዚህ ከሰዓታት ወይም ከአንድ ቀን በፊት የደረሰበትን ዛሬ ታነቢያለሽ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2001 ከአሜሪካው ጥቃት በኋላ የመርከብ ጉዞ ቀነሰ። በካናዳው ፈንዲ ባሕረ ሰላጤ የውሃ ውስጥ ድምፅ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ መለኪያ) ወረደ። የዓሣ ነባሪዎቹ የጭንቀት ሆርሞንም አብሮ ወረደ። ይህ ሁሉ የታወቀው ከባሕር ላይ ከተለቀመ ዓይነ ምድር ነው! ሥራሽ ትልቅ ሥራ ነው፣ በርቺ።

ማለዳ፦
አመሰግናለሁ አባቴ። ግን ናሙናው አሁን እየቀለጠብኝ ነው!

የላብ ሰው፦
ጠላትሽ ሙቀቱ ብቻ አይደለም፤ ባክቴሪያው ነው። ናሙናው ሲቀልጥ ባክቴሪያ ይነቃና የሆርሞኑን ስብርባሪ መለወጥ ይጀምራል። ውጤቱ ሊወርድም ሊወጣም ይችላል። ስለዚህ ባክቴሪያውን ቶሎ ማስቆም ነው። ጓንት አድርጊ። የለሰለሰውን ናሙና በደንብ አማስዪው፤ ሆርሞኑ በአንድ ዓይነ ምድር ውስጥ እኩል ተሰራጭቶ አይገኝም። ከዚያ 0.5 ግራም መዝነሽ 5 ሚሊ ሊትር 80 ፐርሰንት ሜታኖል (የአልኮል ዓይነት ነው) ውስጥ ክተቺና ናጪው። ሌላ ትንሽ ቁራጭ ደርቆ ሲመዘን ስንት እንደሚሆን ለማወቅ አስቀሪ። ያልቀለጠውን ግን አትንኪው፤ በረዶ እንደሆነ ይዘዋወር።

ወፍ ወዳድ፦
አልኮል ውስጥ ክተቺው። እኔ ሁሌም እንደዚያ ነው የማደርገው።

የላብ ሰው፦
እሱን አሁን ነገርናት እኮ። ደግሞ አልኮልም ቢሆን ሲቆይ ውጤቱን ይቀይራል። አንዱ ሁለት ቀን፣ ሌላው ሦስት ወር ተዘፍዝፎ ከተለካ ማወዳደር አይቻልም።

ቀልደኛው፦
ከዝንጀሮዎቹ በፊት ያንቺ ኮርቲሶል ይለካ! ለማንኛውም አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ሁለቱን መንጋ በየትኛው መደርደሪያ ነበር ያስቀመጥሻቸው?

ማለዳ፦
ኧረ በስማም። የእርሻ ዳሩ በሙሉ ላይ ነው፣ የጫካው ታች። ላይ ያለው ለስልሷል። ታች ያለው እንደ ድንጋይ ነው።

የላብ ሰው፦
ቀልደኛው ቁልፉን አገኘው። ይህ ከመቅለጡም የባሰ ነው። አሁን ልዩነት ብታገኚ ከእርሻው የመጣ ይሁን ከመደርደሪያው አትለዪውም። የእያንዳንዱን ከረጢት ሁኔታ አሁኑኑ ጻፊ፦ ያልቀለጠ፣ ግማሽ የቀለጠ፣ ሙሉ የቀለጠ። ፎቶም አንሺ። ነገ ትዝ አይልሽም።

ሞጋቹ፦
እኔ ደግሞ ሐሳቡ ራሱ አይዋጥልኝም። ኮርቲሶል ከፍ አለ ማለት እንስሳው ተጎዳ ማለት አይደለም። እርግዝና፣ ወቅት፣ ምግብ፣ የመንጋ ጠብ ሁሉ ከፍ ያደርገዋል። በአሜሪካው የሎውስቶን ፓርክ በበረዶ ላይ የሚነዳ ሞተር ሲበዛ የተኩላና የኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዓይነት) ሆርሞን ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ቁጥራቸው ግን በዚያ ሳቢያ ሲቀንስ አልታየም። ብዙ የቆየ ጭንቀት ደግሞ ሆርሞኑን ጭራሽ ሊያወርደው ይችላል። እርሻ ዳር ያሉት በቆሎ በልተው ጠግበው ቢሆንስ?

ማለዳ፦
ተጎዱ ብዬ አልደመደምኩም፤ ለዚህ እኮ ነው የምለካው። ግን በዓይኔ ያየሁትን ልንገርህ። አንዲት እናት ልጇን ሆዷ ሥር አጣብቃ መንገድ ስታቋርጥ መኪና ሊገጫት ለጥቂት ተረፈች። ማዶ ደርሳ ቁጭ አለችና ልጇን እጅ እጁን ደጋግማ ትነካካዋለች። ያን ቀን ምን ተሰማት? እሱን ማወቅ እፈልጋለሁ።

ሞጋቹ፦
ገባኝ፣ ይቅርታ። እንግዲያው ከዚያው ናሙና የታይሮይድ ሆርሞንም ለኪ። ምግብ ሲያጥር እሱ ይወርዳል። ረሃቡን ከድንጋጤው ለመለየት ይረዳሻል።

የላብ ሰው፦
ጥሩ ሐሳብ ነው። ማለዳ፣ አንድ ሙከራ ሥሪ። ከሁለቱም መንጋ ትኩስ ናሙና አምጪ። አማስለሽ ከፋፍዪው። አንዱን ወዲያው፣ ሌላውን ከ6፣ ከ12፣ ከ24 ሰዓት በኋላ አቀዝቅዢና ለኪ። ቁጥሩ ብዙ ካልተንቀሳቀሰ የላዩ መደርደሪያ ተስፋ አለው። ከተንቀሳቀሰ የቀለጠውን ተዪና ከዚያ መንጋ እንደገና ሰብስቢ። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ።

ማለዳ፦
ሜታኖሉ መጣልኝ። ገባሁ።

ወፍ ወዳድ፦
ለወደፊቱ ፀጉርም ሰብስቢ፤ ወራት የቆየውን ያሳያል፣ ፍሪዘርም አይፈልግም።

ጅብ ተከታይ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)፦
ማለዳ፣ ሙከራው ምን አለ? እኔም የጅብ ናሙና አለኝ፤ የከተማ ዳሩና የዱሩ ለየብቻ ነበር። ይህን እንዳነበብኩ አውጥቼ በየመደርደሪያው አደባልቄ ደረደርኩት።