«መሰከረችልኝ» ማለት ምን ማለት ነው?

ጥያቄ አያልቅባት፦
ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ከሥራ ስመለስ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ከሜክሲኮ እስከ ሳሪስ ስለ ጌታ ስትነግረኝ መጣች። ቤት ገብቼ ለአያቴ «ዛሬ አንዲት ልጅ ታክሲ ውስጥ መሰከረችልኝ» አልኳት። ሲኒዋን አስቀመጠችና «ውይ በሞትኩት! ማን ከሶሽ ነው?» አለችኝ። ከሳቅኩ በኋላ ግን ነገሩ ከነከነኝ። «መሰከረልኝ» ለእኔ ደግፎ መሰከረ ማለት አይደል? ወንጌል ነገረኝ ለማለት ሲገባ አማርኛው ልክ ነው?

ፊደል ቆጣሪ፦
ጣጣው ያለው «ለ» ላይ ነው። ችሎት ላይ «መሰከረልኝ» ካልሽ ጠቀመኝ፣ «መሰከረብኝ» ካልሽ ጎዳኝ ነው። በጴንጤ አማርኛ ግን «ለ» ሰሚውን ይይዛል፤ «አነበበልኝ» እንደምንለው።

ምስጢር ፈላጊ፦
ሥሩን ሳትይዙ ቅርንጫፍ አትቁረጡ። ምስክር የመጣው «ከሰከረ» ነው። ሐዋርያት በበዓለ ኀምሳ ሲመሰክሩ ሰው ምን አላቸው? ሰክረዋል!

የቆሎ ተማሪ፦
ጴጥሮስ እዚያው መልሶልሃል እኮ። ገና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው፣ ማን ይሰክራል ብሎ። በአንተ ሥር አወጣጥ መስከረምም ሰክራ ነው አደይ የምትረጨው።

ብራና ፋቂ፦
ልጆች፣ ቀልዱን ተዉና ግእዙን ያዙ። ምስክር በግእዝ ሰማዒ ነው፤ «ሰምዐ» ካለው። መጀመሪያ የሰማ፣ ከዚያ የሚናገር። ሲበዛ ሰማዕት ይሆናል። «ሰማዕታት» የብዙ ብዙ ነው። ሰባት ዓመት ቅኔ ቤት የተቀመጥኩት ቆሎ ልቆረጥም አይደለም።

የቆሎ ተማሪ፦
በቆሎ አይቀለድም፣ የኔታ።

ፊደል ቆጣሪ፦
ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ስድስት ኪሎ ያለውን የየካቲት 12 የሰማዕታት ሐውልት ምን ልንለው ነው? አማርኛ «ሰማዕት»ን ወስዶ ነጠላ አድርጎታል። «ሰማዕቱ ጊዮርጊስ» ስንል ስንት ጊዮርጊስ ነው?

ብራና ፋቂ፦
ስሕተት ነው አላልኩም። የብዙ ብዙ ነው አልኩ። ከመመለስ በፊት ማንበብ ይቅደም።

ምስጢር ፈላጊ፦
እሺ «ሰበከ»ስ? በግእዝ ማቅለጥም ነው። ቀልጦ የተሠራ ጣዖት «ስብኮ» ይባላል። ሰባኪ ማለት ልብ አቅላጭ! ይሄን እንኳ አትንፈጉኝ።

የቆሎ ተማሪ፦
የእኛ ሰፈሩ በድምፅ ማጉያ የሚያቀልጠው ጆሮ ነው።

ብራና ፋቂ፦
«ስብኮ» እውነት ነው። ግን ፊደል ስለገጠመ ዘር ገጠመ ማለት አይደለም።

ለምለም ዘሐዋሳ፦
መጀመሪያ፣ «ጴንጤ» ባትሉን ደስ ይለኛል። ሁለተኛ፣ ሐዋርያት ሥራን ግለጡ። ምዕራፍ 18 ቁጥር 5 ላይ ጳውሎስ «ለአይሁድ እየመሰከረ» ይላል። አይሁድ እዚያ ሰሚዎች ናቸው፤ እንዲያውም ተቃወሙት። ምዕራፍ 15 ቁጥር 8 ላይ ደግሞ እግዚአብሔር ለአሕዛብ መንፈስ ቅዱስን በመስጠት «መሰከረላቸው» ይላል። ይሄ የአያትሽ አማርኛ ነው፤ ደገፋቸው ማለት ነው። አንድ መጽሐፍ ውስጥ ሁለቱም አሉ።

እኛ ቤት ደግሞ መስበክና መመስከር ይለያያሉ። ሰባኪ መድረክ ላይ ይቆማል። ታክሲ ውስጥ ግን የሆነልሽን ነው የምትናገሪው። ያቺን ልጅ «ሰበከችኝ» ብትያት ደርቃ ነዘነዘችኝ ያልሽ ይመስላል። እሑድ «ምስክርነት አለኝ» ብሎ የሚነሳውም ስብከት ሊያሰማ አይደለም፤ ጌታ ያደረገለትን ሊናገር ነው።

ብራና ፋቂ፦
እኅቴ፣ ጥሩ አመጣሽ፤ ግን አልገጠመም። በ18ቱ «ለ» ያለው ስሙ ላይ ነው። በ15ቱ ግሱ ውስጥ ገብቷል። «ለአይሁድ መሰከረ» እና «መሰከረላቸው» አንድ አይደሉም።

ለምለም ዘሐዋሳ፦
በምን ይለያያሉ፣ የኔታ?

ብራና ፋቂ፦
ሰፊ ነው። ነገ እመለስበታለሁ።

ፊደል ቆጣሪ፦
የየኔታ «ነገ» የብዙ ብዙ ነው።

ምስጢር ፈላጊ፦
እስከዚያው ግን «ሰከረ»ን ያፈረሰ የለም።

ጥያቄ አያልቅባት፦
ኧረ እኔ ልክ ነው አይደለም ነበር የጠየቅኩት። አያቴ ዛሬ ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ ጠበቃ የሆነውን የጎረቤት ልጅ ልታናግርልኝ ወጥታለች።