የጆብ ሴንተር ወርክ ኮች ለመሆን አመልክቼ ወደቅኩ፤ የገባችሁ ምከሩኝ

የልደታ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ለንደን መኖር ከጀመርኩ 11 ዓመቴ ነው። ሥራዬ ኬር ነው። አረጋውያንን ቤታቸው እየሄድኩ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ ቁርስ አበላለሁ። ዘንድሮ ዜግነት አገኘሁ። ፓስፖርቱ እጄ በገባ በሳምንቱ የመንግሥት ሥራ በሚወጣበት ድረ ገጽ፣ ሲቪል ሰርቪስ ጆብስ ላይ ተመዘገብኩ። የምፈልገው ሥራ አንድ ነው፤ የመንግሥት ሥራ አፈላላጊ ቢሮ በሆነው ጆብ ሴንተር ውስጥ ወርክ ኮች፣ ማለትም ሥራ ፈላጊን የሚያማክር ሠራተኛ መሆን።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። በፈረንጆቹ 2018 የማጸዳበት ሆቴል ሠራተኛ ሲቀንስ እኔም ወጣሁ። ዩኒቨርሳል ክሬዲት የሚባለውን የመንግሥት ድጎማ ልጠይቅ ጆብ ሴንተር ስገባ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። እንግሊዝኛዬ ያኔ ደከም ያለ ነው። የደረሰችኝ ወርክ ኮች ሱማሌ ነበረች። ወንበሬን ሳብ አድርጋ አጠገቧ አስቀመጠችኝና የኮምፒውተሩን ስክሪን ወደኔ አዞረችው። «ስላንቺ የምጽፈውን አንቺም እያየሽው ይሁን» አለችኝ። ቀጥላ «ከሆቴሉ በፊትስ ምን ትሠሪ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ምንም አልኳት። ዝም ብላ ጠበቀችኝ። ከዚያ ልደታ ሳለሁ አያቴን አራት ዓመት እንዳስታመምኩ ነገርኳት። ኬር ሥራ የገባሁት በዚያች አንድ ጥያቄ ነው። እንደሷ መሆን እፈልጋለሁ።

አሁን ወደ ችግሬ ልምጣ። ማስታወቂያው ሁለት «ቢሄቪየር»፣ ማለትም በሥራ ላይ ያለሽን ጠባይና ችሎታ የሚያሳይ ምሳሌ፣ እንድጽፍ ጠየቀ። እያንዳንዱ 250 ቃል ነው። ከሥራ እየመጣሁ ሦስት ሌሊት ጻፍኩ። ውጤቱ 3 እና 3 ሆኖ መጣ፣ ከ7። ኢንተርቪው ሳልደርስ ቀረሁ። የጻፍኩት ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦ «በቤተ ክርስቲያናችን ቅዳሜ ቅዳሜ ሰዎችን እንረዳለን። ፎርም እንሞላላቸዋለን፣ ሲቪ እንሠራላቸዋለን። በእግዚአብሔር ቸርነት ብዙዎቹ ሥራ አግኝተዋል።» ውሸት የለበትም። ታዲያ ምን ጎደለው?

ሌላም የሚያስጨንቀኝ አለ። ወርክ ኮች ከሆንኩ ሰው ላይ ሳንክሽን (የድጎማ ቅጣት) ላደርግ ነው? ገንዘቡ የተቆረጠበት ሰው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲያየኝ ምን እለዋለሁ? ደግሞ ዲግሪ የለኝም። ከአገር ቤት ያመጣሁት የሒሳብ መዝገብ አያያዝ ዲፕሎማ ብቻ ነው።

ከሊድስ፦

እህቴ፣ አይዞሽ። እኔም ሁለቴ ወድቄ በሦስተኛው ነው ያለፍኩት። የኔ ቦታ ወርክ ኮች አይደለም፣ ግን ጆብ ሴንተሮችን በሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት፣ እዚያው ዲ ደብሊው ፒ ውስጥ ነው። ማመልከቻው ያው ነው። ዲግሪ የግድ አይደለም። ቢሄቪየሩን ካሳየሽ በቂ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንዱ ማስታወቂያ መጀመሪያ «ጀጅመንት ቴስት» የሚባል ፈተና ያስፈትናል። በሥራ ቦታ የሚያጋጥም ነገር ያሳይሽና ምን ብታደርጊ እንደሚሻል ይጠይቅሻል። ሰዓት አይቆጠርብሽም። እኔ መጀመሪያ በስልክ፣ ባስ ውስጥ ሆኜ ተፈተንኩት። ያንን አትድገሚ። ልጆችሽ ሲተኙ ረጋ ብለሽ ተቀመጪ። የመለማመጃ ፈተናም አለ፣ መጀመሪያ እሱን ሥሪ።

አምስት ዓመት በወንበሩ፦

የልደታ ልጅ፣ እኔ ወርክ ኮች ነኝ። በኮቪድ ጊዜ መንግሥት 13,500 አዲስ ወርክ ኮቾች ሲቀጥር የገባሁ ነኝ። በዚያን ጊዜ ቁጥራችን በእጥፍ አድጎ 27,000 ደርሶ ነበር። እንዲያ ያለ ቅጥር በየጊዜው አይመጣም፣ ስለዚህ አሁን ፉክክሩ ጠንከር ይላል። ቢሆንም ያንቺ ችግር ችሎታ አይደለም። የጻፍሽውን ሳነብ ወዲያው ነው ያየሁት።

«እንረዳለን»፣ «እንሞላላቸዋለን»፣ «እንሠራላቸዋለን»። አንቺ የት ነሽ?

እኛ ሀበሾች «እኔ» ማለት ይከብደናል። «እኔ እኔ» የሚል ሰው ጉረኛ ነው እየተባልን ነው ያደግነው። መልካም ነገር ስንሠራ «እኛ» እንላለን፣ ወይ ለፈጣሪ እንሰጠዋለን። ለኑሮ ጥሩ ነው፣ እኔም ልጆቼን እንደዚያው ነው የማሳድገው። ማመልከቻውን የሚያርመው ሰው ግን ስምሽን እንኳን አያይም። ስምና አድራሻ ተሸፍኖ ነው የሚደርሰው። ፊቱ ያለው 250 ቃል ብቻ ነው። «እኛ» ሲያነብ፣ ሥራውን የሠራው አጠገብሽ ያለው ሰው ይሁን አንቺ፣ በምን ይወቅ? ባላየው ነገር ነጥብ መስጠት አይፈቀድለትም። 3 ማለት በመጠኑ አሳይተሻል ማለት ነው። ማለፊያው 4 ነው። አንድ ነጥብ ነው የቀረሽ።

ሁለተኛ፣ «ሰዎችን» አትበይ። አንድ ሰው ምረጪ። አንድ ቅዳሜ፣ አንድ ሰው፣ አንድ ችግር። ሁኔታውን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨርሺው። ያንቺ ድርሻ ምን እንደነበር በአንድ። ከዚያ ከ250ው ቢያንስ 150ውን ቃል አንቺ ምን እንዳደረግሽና ለምን እንደዚያ እንደመረጥሽ ጻፊበት። መጨረሻ ላይ ውጤቱን በቁጥር አስቀምጪ። ይህን አጻጻፍ «ስታር» ይሉታል፣ ሲቪል ሰርቪሱ ራሱ የሚመክረው ነው።

ሳንክሽንን በተመለከተ እውነቱን ልንገርሽ። ወርክ ኮች ሳንክሽን አይወስንም። ጉዳዩን ዲሲዥን ሜከር ለሚባለው ሌላ ሠራተኛ ነው የሚልከው። ነገር ግን ላኪው አንቺ ነሽ። ይህን ልሸፍንልሽ አልፈልግም። ሰው ሳይመጣ ሲቀር፣ ቃል የገባበትን የክሌማንት ኮሚትመንት ሳይፈጽም ሲቀር፣ መጠየቅ ግዴታሽ ነው። እኔ ከመላኬ በፊት ሁልጊዜ እደውላለሁ። አንድ ጊዜ ሁለት ቀጠሮ የዘለለ ሰው ነበረኝ። ስደውልለት በሹክሹክታ መለሰልኝ። ሚስቱ ሆስፒታል ተኝታ እሱ አጠገቧ ነበር፣ ለማንም አልተናገረም። በቂ ምክንያት ነው ብዬ መዘገብኩት፣ ጉዳዩ እዚያው አበቃ። ባልደውል ኖሮ ወረቀቱ ላይ የሚታየው ሁለት የተዘለለ ቀጠሮ ብቻ ነበር። አብዛኛው ቀጠሮ 10 ደቂቃ ነው። በ10 ደቂቃ ውስጥ ሰውን መስማት ነው የዚህ ሥራ ከባዱ ክፍል፣ ሳንክሽኑ ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው።

ደግሞ መስጠትም አለ። ፍሌክሲብል ሰፖርት ፈንድ የሚባል ገንዘብ አለን። ለኢንተርቪው የትራንስፖርት፣ ለሥራ ልብስ፣ ለሥልጠና ይውላል። የጥበቃ ሥራ ለሚፈልግ ሰው የጥበቃ ፈቃዱን፣ የኤስ አይ ኤ ባጅ ያስወጣሁበት ቀን አለ። ብዙ ሰው ስለማያውቀው አይጠይቅም። አንቺ ወንበሩ ላይ ስትቀመጪ ሳይጠየቅሽ ትናገሪያለሽ።

የቤተ ክርስቲያኑ ጉዳይ ደግሞ እንዳያስጨንቅሽ። የምታውቂውን ሰው ፋይል መክፈት ክልክል ነው። ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የማኅበር ጓደኛ ከመጣ ለኃላፊሽ ትናገሪያለሽ፣ ሌላ ሰው ይይዘዋል። ለወዳጅ ብለሽ ለአንዲት ደቂቃ እንኳን ገብተሽ ብታዪ ሥራሽን ልታጪ ትችያለሽ። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ለወዳጆችሽ ንገሪያቸው፣ እኔ እንደዚያ ነው ያደረግኩት።

ካለፍሽ በኋላ የሦስት ዓመት የሥራ ታሪክሽን ያጣራሉ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ አገር ቤት ቆይተሽ ከሆነ ማስረጃ ሊጠይቁሽ ስለሚችሉ ትኬቱን አስቀምጪ።

እስቲ አንድ ሰው ጻፊልን።

ኖርዝ ለንደን፦

ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። እኔ ኢንደፊኒት (ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ) ነው ያለኝ፣ የእንግሊዝ ፓስፖርት ገና ነኝ። ማመልከት እችላለሁ? ኬንያዊት የሥራ ባልደረባዬ ቪዛ ይዛ አመልክታለች።

አምስት ዓመት በወንበሩ፦

ወንድሜ፣ በኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ አይሆንም። ለሲቪል ሰርቪስ የዜግነት ደንብ አለ። ኬንያ የኮመንዌልዝ አገር ስለሆነች የመሥራት ፈቃድ ካላት ባልደረባህ ትችላለች። ኢትዮጵያ አባል አይደለችም። ስለዚህ ኢንደፊኒት ቢኖርህም ዜግነቱን መጠበቅ አለብህ። ስንት ሰው ሳምንት ሙሉ ማመልከቻ ሲጽፍ ከርሞ በዚህ ምክንያት ሲመለስ አይቻለሁ፣ ያሳዝናል። እስከዚያው ለዜግነት የሚያስፈልገውን ፈተና፣ ላይፍ ኢን ዘ ዩኬን ተፈተን። 24 ጥያቄ ነው፣ 18 ካገኘህ አለፍክ። ደግሞ የዜግነት ደንቡ ሲቪል ሰርቪሱን ነው የሚመለከተው። ካውንስሎችና በጎ አድራጎት ድርጅቶችም ሥራ አጥን የሚያግዝ ሰው ይቀጥራሉ። እዚያ ጀምር፣ ልምዱ በኋላ ለቢሄቪየሩ ይሆንሃል።

የልደታ ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። «አንቺ የት ነሽ?» ያልከው ነገር ሌሊቱን ሙሉ ሲመላለስብኝ አደረ።

አንድ ሰው አለ። ስሙን አልጽፍም። ዕድሜው 60 ሊሞላ ነው። ምግብ ቤት ውስጥ ዕቃ አጣቢ ነበር፣ ቤቱ ሲዘጋ ወጣ። መጀመሪያ የመጣ ቀን የዩኒቨርሳል ክሬዲት ፓስወርዱን የመድኃኒት ፖስታ ጀርባ ላይ ጽፎ ይዞት ነበር፣ ግማሹ ጠፍቷል። ከጆብ ሴንተር ጋር የሚጻጻፍበትን የኦንላይን ገጽ፣ ጆርናሉን ስንከፍት ስምንት ያልተነበበ መልእክት አገኘን። ሌሎቹ ልጆች ቶሎ ብለው የጽዳት ሥራ ሊያመለክቱለት ፈለጉ። እኔ ቆይ አልኩ። ያቺ ሱማሌ የጠየቀችኝን ጠየቅኩት፤ «አገር ቤት ምን ትሠራ ነበር?»

«ምንም። ሹፌር ነበርኩ» አለኝ።

የምን ሹፌር ስለው፣ ተሳቢ መኪና ከአሰብ አዲስ አበባ ሲያመላልስ እንደነበር ነገረኝ። ስለ አፋር ሙቀት፣ ሌሊት ጎማ ስለመቀየር፣ ረዳቱን ስላስተማረበት መንገድ ሲያወራ ሌላ ሰው ሆነ። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ እዚህ አይቀየርለትም። ስለዚህ ሹፌርነት ወዲያው አይሆንም። ግን የአካል ጉዳት ያለባቸውን ልጆች ትምህርት ቤት የሚያደርሱ ሚኒባሶች ላይ ከሹፌሩ ጋር የሚሄድ ረዳት ይፈለጋል። ማስታወቂያውን እኔ ነኝ ያገኘሁት። ከሦስት ቅዳሜ በላይ ኢንተርቪው አለማመድኩት። እኔ ጠያቂ፣ እሱ መላሽ። አሁን እዚያ ነው የሚሠራው፣ ቀስ እያለ የእንግሊዝ መንጃ ፈቃዱንም እየተማረ ነው።

አሁን ለአዲሱ ማስታወቂያ የጻፍኩት እንዲህ ይጀምራል፦ «ሌሎቹ ወዲያው ለጽዳት ሥራ ሊያመለክቱለት ሲሉ እኔ አልተስማማሁም። ያለውን ልምድ ሳናውቅ ብንጣደፍ የማይቆይበት ሥራ እንደሚገባ ስላሰብኩ፣ መጀመሪያ ታሪኩን ጠየቅኩት።» ከዚያ የሚኒባሱን ጻፍኩና መጨረሻው ላይ «በደንብ ረዳሁት፣ ሥራም አገኘ» ብዬ ዘጋሁት። ስጽፈው አፈርኩ፣ ግን ጻፍኩት።

ከሊድስ፦

አነበብኩት፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። አባቴም የአሰብ መንገድ ሰው ነበር።

አምስት ዓመት በወንበሩ፦

ይሄ ነው! «አልተስማማሁም፣ ምክንያቱም» ያልሽበት ቦታ ውሳኔ ነው፣ መዛኙ የሚፈልገው እሱን ነው። የሚያሳፍር ነገር የለውም፣ የሆነውን ነው የጻፍሽው።

የመጨረሻውን ግን ቀይሪው። «በደንብ ረዳሁት» ምንም አይናገርም። ስንት ጊዜ አለማመድሽው? ከመጀመሪያው ቀን እስከ ሥራው ስንት ሳምንት ፈጀ? ዛሬስ ሥራው ላይ ስንት ጊዜ ሆነው? ቁጥሩን ካላወቅሽ ሰውዬውን ጠይቂው። ከራስሽ እንዳትገምቺ፣ ኢንተርቪው ላይ ዝርዝሩን ይጠይቁሻል።

ማስታወቂያው የሚዘጋው በፈረንጅ ሰዓት ማታ 11፡55 ነው፣ በኛ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው። እስከዚያ አትጠብቂ፣ ከመዝጊያው አንድ ቀን ቀደም ብለሽ ላኪው። ኢንተርቪውን አልፈሽ ቦታ ከሌለ ሪዘርቭ ሊስት (የተጠባባቂ ዝርዝር) ላይ እስከ 12 ወር ሊያቆዩሽ ይችላሉ፣ ስለዚህ ወዲያው ካልደወሉ ተስፋ አትቁረጪ።

የልደታ ልጅ፦

ላክሁት። መዝጊያው ሐሙስ ነው፣ እኔ ዛሬ ማክሰኞ ላክሁ።

ሰውዬውን ደውዬ ጠይቄው ነበር። «ስንት ሳምንት ነው የፈጀብን?» ስለው፣ ቆይ ብሎ ስልኩን አስቀመጠ። የደብተር ገጽ ሲገላበጥ ይሰማኛል። «ዘጠኝ ሳምንት» አለኝ። መጀመሪያ የመጣበትን ቅዳሜና ሥራ የጀመረበትን ሰኞ ጽፎ አስቀምጦታል፣ የልጆቹን የልደት ቀን በጻፈበት ገጽ ላይ።