መፋቂያ ብረቴ ፍቅፋቂ ትቶ ዱቄት ብቻ ያወጣል

ጠያቂ
ሰላም ባለሙያዎች። ከአሮጌ የእጅ መጋዝ የተቆረጠ፣ 15 በ6 ሳንቲ ሜትር የሆነ መፋቂያ (እንጨት በስሱ የሚፍቅ ዝርግ ብረት) አለኝ፤ ውፍረቱ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። የምፈልገው ዋንዛ ጠረጴዛ ላይ መላጊያ የነጨውን ቦታ ለማስተካከል ነው። ጠርዙን ሞርጄ፣ የካቻቢቴ ዘንግ ወደ 30 ዲግሪ አጋድሜ በኃይል አሽበታለሁ። የሚወጣው ግን ዱቄት ነው። ምኑ ላይ ተሳሳትኩ?

ሞረድና ድንጋይ
ወንድሜ፣ ብረቱስ ጥሩ ነው፤ የመጋዝ ብረት ለመፋቂያ ይስማማል። ካቻቢቴውን ግን ተወው። ማሻው ዘንግ ከመፋቂያው የጠነከረ፣ ገጹም ልሙጥ መሆን አለበት። ካሸህ በኋላ ዘንጉ ላይ ጭረት ካየህ፣ የተበላው እሱ ነው ማለት ነው። ብዙዎች የአሮጌ ሞተር ቫልቭ ግንድ ይጠቀማሉ፣ ይሠራል።

ሁለተኛው የዘለልከው የመሳያ ድንጋዩን ነው። ሞረድ ጠርዙን ቀጥ ያደርጋል እንጂ አይስልም፤ የሞረዱ ጭረት ሳይጠፋ ከታጠፈ እጥፋቷ (ጠርዙ ሲታሽ የምትወጣው፣ እንጨቱን የምትቆርጠው ቀጭን አፍ) እየተቆራረጠች እንጨቱ ላይ መስመር ትተዋለች። መፋቂያውን ከአራት ማዕዘን ጣውላ ጋር አስጠግተህ ቀጥ አቁመውና 1000 ቁጥር ድንጋይ ላይ ሳበው። አንድ ቦታ አትደጋግም፣ ድንጋዩ ይቦረቦራል። ከዚያ ሁለቱንም ገጽ አስተኝተህ ፈትግ። ሳይታጠፍ በፊት ማዕዘኑ ራሱ 90 ዲግሪ ሆኖ ስል ካልሆነ፣ የቱንም ያህል ብታሸው ከንቱ ነው።

ቀጥሎ ጠረጴዛ ላይ አስተኛው፣ አንድ ጠብታ ዘይት አድርግና ዘንጉን ከገጹ ጋር ሊተኛ ምንም ሳይቀረው 5 ወይም 6 ጊዜ ሳብ። ሞርሳ ላይ አቁመው፤ መጀመሪያ ዘንጉን ያለ ምንም ማጋደል 2 ጊዜ፣ ከዚያ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ብቻ አጋድለህ 3 ወይም 4 ጊዜ። በመጠነኛ ጫና! በ30 ዲግሪ እጥፋቷ ከመጠን በላይ ትጠቀለልና አፏ እንጨቱን አያገኘውም።

የዋንዛ ልጅ
ከላይ የተባለው ትክክል ነው፣ በተለይ የጫናው ነገር። ለመፈተን አውራ ጣትህን ከገጹ ወደ ውጭ አውጣው፤ በጠርዙ ርዝመት ፈጽሞ አትሂድ፣ ይቆርጥሃል። ጣትህን ያዝ የምታደርግ እኩል የሆነች ቀጭን እጥፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ ልትሰማህ ይገባል።

ሲደንዝ ሁልጊዜ ወደ ሞረድ አትሂድ። ገጹን እንደገና አሽተህ እጥፋቷን አቅናና መልሰህ እጠፋት፤ 3 ወይም 4 ጊዜ እንዲህ ይሄዳል። እንቢ ሲል ድንጋይ፣ ሲጎረድ ወይም ጠርዙ ክብ ሲሆን ብቻ ሞረድ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ የተቆረጠው በግራይንደር ነው? ጠርዙ ሰማያዊ ከሆነ ብረቱ ሙቀት አግኝቶ ለስልሷል፣ እጥፋቷም ቶሎ ትሞታለች። ሰማያዊው እስኪያልቅ ሞርደው።

ጠያቂ
አዎ በግራይንደር ነው፣ አንዱ ጎን ሰማያዊ ነበር። ሞርጄ አጠፋሁት፤ በቫልቭ ግንድ ካሸሁት በኋላ ፍቅፋቂ ማውጣት ጀምሯል። ግን ሁለቱ ጥጎች እንጨቱን ይጭሩታል።

ሞረድና ድንጋይ
ጥጎቹን በሞረድ ትንሽ ክብ አድርጋቸው። ስትገፋም በሁለቱ አውራ ጣቶችህ መሃሉን ወደፊት በመጠኑ ጎበጥ አድርገው፤ ያኔ የሚቆርጠው መሃሉ ይሆናል። ጣትህን ካቃጠለህ ቀጭን ቆዳ ጣልበት። ዝግባ ወይም ጥድ ላይ ግን ይህን ውጤት አትጠብቅ፤ ለስላሳ እንጨት ከመቆረጥ ይልቅ ይላላጣል፣ እዚያ የሚሻለው በደንብ የተሳለ መላጊያ ነው።