«ባዶ ቤት ማንንም አይጎዳም» ለሚለው ወንድማችን

የታቦር ልጅ፦ ትናንት እዚህ ቡድን ላይ አንድ ሰው «ኑሮዬ አዲስ አበባ ቢሆንም ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቤት ሠርቻለሁ፤ ዓመቱን ሙሉ ቢዘጋስ፣ ባዶ ቤት ማንንም አይጎዳም» ብሎ ጻፈ። ሲከነክነኝ አደረ። ከእኛ በታች ባለው መንገድ ለበዓል ብቻ የሚከፈቱ ግቢዎች ተደርድረዋል፤ ጎረቤቴ መምህሩ ግን ኪራይ በተጨመረበት ቁጥር ልጆቹን ይዞ ሰፈር ይቀይራል። እሱ አልተጎዳም?

ባለ ማረፊያው፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከደመወዜ ቆጥቤ፣ በሊዝ ተጫርቼ ያገኘሁት ነው። ጡረታ ስወጣ ጠዋት ጠዋት በፍቅር ሐይቅ መንገድ መራመድ፣ ለፋሲካ ልጆቼን በአንድ ጣሪያ ሥር መሰብሰብ እፈልጋለሁ። ገንዘቡን ባንክ ባስቀምጠው የዋጋ ንረት ይጨርሰው ነበር። ተከራይ ካስገባሁ ለበዓል የት ልረፍ?

አሞራ ገደል፦ ልጆችህን መሰብሰብህን ማንም አልተቃወመም፣ ወንድሜ። እኔ የምኖረው ከእንዲህ ያለ ቤት አጠገብ ነው። ዘበኛው ሰው ያለ እንዲመስል በየማታው የበረንዳውን መብራት ያበራል፣ ሣሩን በጎማ ያጠጣል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እኛ ጀሪካን ደርድረን እንጠብቃለን። ይህም ማንንም አይጎዳም?

ከባሕር ማዶ፦ ስለ ውኃ ፈረቃው የሚጠየቀው ቤት የሠራው ሰው ነው? እኛም አገር ቤት ስንመለስ የምናርፍበት እንፈልጋለን። ደግሞስ የተዘጋ ቤት ፍሳሽ አያወጣም። ሐይቁን የሚበክለው የኢንዱስትሪ ፓርኩ ነው።

የታቦር ልጅ፦ ፓርኩ በ2008 ሲመረቅ የተሠራለት ማጣሪያ ፍሳሽ ወደ ውጭ እንዳይለቅ የታቀደ ነው፤ ማስረጃ ሳትይዝ አትክሰስ። የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል እንጂ በምድር ላይ የሚፈስ መውጫ የለውም። ለበዓል ሁሉም ግቢ በእንግዳ ሲሞላ ፍሳሹ ወዴት ይሄዳል?

ከባሕር ማዶ፦ ዓመቱን ሙሉ ከሚኖረው ሕዝብስ የሚወጣው?

አሞራ ገደል፦ እሱም ይቆጠር፤ ግን የዓመቱ ነዋሪ ያንኑ ሐይቅ ዓሣ የሚበላ ነው።

የሕግ ተማሪ፦ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በሊዝ የተገኘው የመጠቀም መብት ነው። የንብረት ግብር አዋጅም በ2017 ጸድቋል። ለወራት በሚዘጋ ቤት ላይ ግብሩ ከፍ ይበል ባይ ነኝ።

ባለ ማረፊያው፦ ቆጥቦ በሠራ ሰው ላይ ቅጣት ልትጥል ነው? ለግንበኛ፣ ለአናጢ፣ ለዘበኛ የከፈልኩት እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው የቀረው። ፈጣን መንገዱ ከሞጆ ተነሥቶ ሐዋሳ ሲደርስማ በየሳምንቱ እመጣለሁ፤ ያኔ ቤቱ ባዶ አይባልም።

የሕግ ተማሪ፦ መንገዱ እስኪያልቅ መምህሩ የት ይደር?

ባለ ማረፊያው፦ የመምህሩን ደመወዝ የምወስነው እኔ አይደለሁም።

አሞራ ገደል፦ ደመወዙን ማንም አልጠየቀህም። አንድ ነገር ብቻ መልስ፦ አጥርህ እስከ ውኃው ይወርዳል ወይስ ሰው ማለፊያ አለው? ልጆቻችን ወደ ሐይቁ የሚወርዱበት መንገድ በየዓመቱ እየጠበበ ነው።

ባለ ማረፊያው፦ የእኔ አጥር በካርታዬ ልክ ነው።

የታቦር ልጅ፦ እሷ የጠየቀችህ ስለ ማለፊያው ነው። «ማንንም አይጎዳም» ላልከውም እስካሁን መልስ አልሰጠህም።